ነጥቡ እስኪደመር አይጠበቅም

ስለ አዲስ የተወለደ ልጅ እንክብካቤ በወጣው ጽሑፍ ላይ «በ1ኛው ደቂቃ አፕጋር ይለካና ነጥቡ ዝቅ ካለ እርዳታ ይጀመራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ልክ አይደለም። አፕጋር ማለት የልጁ አተነፋፈስ፣ የልብ ምትና የመሳሰለው ታይቶ የሚሰጥ ነጥብ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ብንሠራ ስንቱን ልጅ ባጣን ነበር። ልጁ እንደወጣ በደረቅ ጨርቅ እናደርቀዋለን፣ ጀርባውን እሸት እሸት እናደርጋለን። ካልተነፈሰ አፍና አፍንጫውን አይተን፣ የዘጋው ነገር ካለ ጠርገን፣ ወዲያው በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ጭምብል ያለው ከረጢት) አየር መስጠት ነው። ያውም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ! አፕጋር በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ የሚሞላው ልጁ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለመመዝገብ እንጂ እርዳታ ለመፍቀድ አይደለም። ደግሞ በአስተያየትሽ «ደም የነካው ልጅ ሳይታጠብ እንዴት ለእናቱ ይሰጣል?» ያልሽው እህቴ፣ አያቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር። ማድረቁ ይበቃል። ሲወለድ ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት መሰል ነገር ለቆዳው መከላከያው ነው፣ አይፈተግም። ገላው እርጥብ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ልጅ ደግሞ ጡት ለመሳብም አቅም ያጣል። እናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ተኝቶ፣ ከላይ ጨርቅ ተደርቦለት፣ ኮፍያ አድርጎ ይሙቅ። መታጠቡ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደርሳል።