ፕላዝማን አምቆ መያዝ፦ የጎደለው ጽንሰ ሐሳብ ነው ወይስ ምህንድስና?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ፕላዝማን በማግኔት መስክ አምቆ ኃይል ለማመንጨት ዋናው እንቅፋት የጽንሰ ሐሳብ ጉድለት ነው።» ፕላዝማ ማለት እጅግ ከመጋሉ የተነሳ አቶሞቹ ኤሌክትሮንና አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ አቶም) ወደሚባሉ ቅንጣቶች የተለያዩበት ጋዝ ነው፤ ኃይል የሚገኘውም በውስጡ ያሉት ቀላል አቶሞች አስኳሎች ሲዋሃዱ ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም የጅማ ነዋሪዎች ናቸው።

የፊዚክስ መምህሩ (ደጋፊ)፦ የማግኔት መስክ በቀለበት ቅርጽ ሲታጠፍ በቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ይበረታል፣ በውጭኛው ይላላል። በዚህ ልዩነት የተነሳ አዮኖችና ኤሌክትሮኖች አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይንሸራተታሉ፤ ከመለያየታቸው የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክም ፕላዝማውን ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይገፋዋል። ቶካማክ የሚባለው የቀለበት ቅርጽ ያለው የፕላዝማ ማመቂያ መሣሪያ መስኩን በመጠምዘዝ ይህን ቢያቃልለውም፣ ለመጠምዘዙ የሚያስፈልገውና በራሱ በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሌላ አለመረጋጋት ይወልዳል። በ1982 እ.ኤ.አ. አስዴክስ በተባለው የጀርመን ቶካማክ የታየው የተሻለ የአያያዝ ሁኔታ እንኳ በሙከራ ተገኘ እንጂ አስቀድሞ ያሰላው አልነበረም።

የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ (ተቃዋሚ)፦ መሠረቱ ከታወቀ ቆይቷል። በእንግሊዝ የነበረው ጄት የተባለው ቶካማክ በ1997 እ.ኤ.አ. 16 ሜጋ ዋት የውህደት ኃይል አውጥቷል። የቀረው የኒውትሮን ውርጅብኝ የሚችል ግድግዳና ለውህደቱ ነዳጅ የሚሆነውን ከባድ ሃይድሮጅን፣ ትሪቲየምን፣ የማምረቻ ዘዴ፣ ማለትም ምህንድስና ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ወንድሜ መሐንዲሱ 16ቱን ሲጠቅሱ ፕላዝማውን ለማሞቅ የገባውን 24 ሜጋ ዋት ገደማ ዘለሉት። ከገባው ያነሰ የወጣው ሙቀቱ ስለሚሾልክ ነው፤ የሚያሾልከው ደግሞ በአብዛኛው በፕላዝማው ውስጥ ያለው ሁከት ነው። ኤሌክትሮን ከዲዩቴሪየም (ሌላው የነዳጁ ሃይድሮጅን) አዮን ከ3,600 ጊዜ በላይ ስለሚቀል የሁለቱን እንቅስቃሴ በአንድ ስሌት መከታተል ለታላላቆቹ ኮምፒውተሮች እንኳ ከባድ ሸክም ነው። ይህን ምህንድስና ብሎ ማለፍ አይቻልም።

መሐንዲሱ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጀርመኑ የፕላዝማ ማመቂያ መሣሪያ፣ ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ፣ የተጠማዘዙ የማግኔት ጥቅልሎች ቅርጻቸው የወጣው በስሌት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ጎዶሎ ቢሆን ይህ መሣሪያ ባልቆመ ነበር።

መምህሩ፦ ያ ስሌት የቅንጣቶቹን መንሸራተት ቀነሰ፤ ሁከቱ ግን እዚያም ቀርቷል። ስለ 24ቱ ሜጋ ዋት ደግሞ አሁንም አልመለሱልኝም።

መሐንዲሱ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ የጅማ ተማሪ ነው። በዞናችን 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ጣቢያ እያለ፣ ወጣቱን ከተርባይን አርቆ በሩቅ አገር ላለ ፕላዝማ እኩልታ ማሰለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

መምህሩ፦ የተነሳንበት ጉዳይ ይህ አልነበረም፤ ሆኖም ተማሪዎቼ ስለተነሱ ዝም አልልም። ቶካማክ መገንባት አንችል ይሆናል፤ የሁከቱን እኩልታ ቀለል ባለ መልኩ ጽፎ በአንድ ተራ ኮምፒውተር መፍታት ግን እዚሁ ይቻላል፣ ያንንም የሚችሉ ልጆች አሉኝ። አቅማቸውን በአቅራቢያቸው ባለ ግድብ ልክ ሲመትሩባቸው ከልብ ቅር ብሎኛል።