ለአርመኖች ከሐውልት በፊት አስተማሪ

በየዓመቱ ሚያዝያ 16 ቀን አርመኖች ባሉበት አገር ሁሉ በ1915 በኦቶማን ግዛት የተጀመረባቸውን የዘር ማጥፋት ያስባሉ (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሻማ ይበራል፣ አበባ ይቀመጣል፣ ሰልፍ ይወጣል። መቅረትም የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው። ሰልፍ የወጣው ልጅ ቤቱ ሲገባ ከእህቱ ጋር የሚጣላው በምን ቋንቋ ነው?

ዩኔስኮ በ2010 ምዕራባዊ አርመንኛን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ቋንቋዎች መድቦታል። በኦቶማን ግዛት ይኖሩ የነበሩት አርመኖች ቋንቋ ነው። ከጭፍጨፋው የተረፉት ይዘውት ቤይሩት፣ አሌፖ፣ ፓሪስ፣ ቦስተን ገቡ። የአርሜንያ ሪፐብሊክ ግን የምትጠቀመው ምሥራቃዊውን ነው። በሶቪየት ዘመን አጻጻፉም ተቀይሯል። ስለዚህ ምዕራባዊው የሚቆምለት መንግሥት የለውም። ሸክሙን ይዘው የኖሩት ስደተኛው ራሱ ያቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ክበቦች ናቸው።

ለዚህ ነው አንድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጉዳቱ የሚከብደው። ቆጵሮስ፣ ኒቆስያ ውስጥ የነበረው መልኮንያን ትምህርት ቤት በ1926 ከጭፍጨፋው ለተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ተከፈተ። ኋላም ከየአገሩ አዳሪ ተማሪ እየተቀበለ ብዙ ምሁር አፈራ። በ2005 ተዘጋ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ጮኹ፣ ተቃወሙ፣ የሰማቸው የለም። ያንን ውሳኔ ዛሬም ስህተት ነው እላለሁ።

እኛም ከጉዳዩ ሩቅ አይደለንም። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም የሚያድጉ ልጆችን የሙዚቃ ባንድ አዩ። አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። ከአብዮቱ በኋላ ቤትና ንብረት ሲወረስ አብዛኛው አርመን ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ተበተነ። የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ምእመኑ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ምግብ ከቋንቋ ይልቅ ዕድሜ አለው። አርመንኛ የማይሰማ የልጅ ልጅ እንኳ ለበዓል ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ዶልማ ይጠቀልላል፤ የወይን ቅጠሉን እንዴት እንደሚያጥፍ እጁ ያውቀዋል። ደስ ይላል። አያቱ እየጠቀለሉ የሚነግሩትን ታሪክ ግን ሌላ ሰው ካልተረጎመለት አይሰማም። ዋሽንግተን ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። አማርኛ ግን አገር ቤት ሚሊዮኖች አሉት።

የአርመንኛ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ብቻውን አይበቃም። ልጁ ሠላሳ ስምንቱን ፊደል ቆጥሮ፣ አንድ ግጥም ሸምድዶ ይወጣል። ስለ ኳስና ስለ ስልኩ ማውራት ሲፈልግ ቃል ያጣል። በካሊፎርኒያዋ ግሌንዴል አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ጎን በአርመንኛም ያስተምራሉ። እንዲህ ያለው ነው መስፋፋት ያለበት። ባለሀብቱ አዳራሽ ሠርቶ ስሙን በር ላይ ከሚያስጽፍ፣ የወጣት አስተማሪ ደመወዝ ይክፈል። አስተማሪው በደንብ ካልተከፈለው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ማን ይፈርድበታል?

እኛም የምናግዘው ነገር አለ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ የአርመን አዛውንት እዚህም በየሰዉ አገርም አሉ። ምዕራባዊ አርመንኛውንም አማርኛውንም ያውቃሉ። ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ሱቃቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው በሁለቱም ቋንቋ ይጠየቁ፣ ድምፃቸው ይቀረጽ። ለእነሱ ልጆች የመማሪያ ቁሳቁስ፣ ለእኛ የከተማችን ታሪክ ይሆናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከማኅበረሰቡ ጋር ተነጋግሮ ቢጀምረው ጥሩ ነው፤ በተለይ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ።