«ሆዱ ይረፍ» እያላችሁ ልጅ አታድርቁ

ወገኖች፣ ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ሆዱን ስላመመው አይደለም፤ ውሃውንና ጨዉን ከሰውነቱ ጠርጎ ስለሚያወጣ ነው። እናንተ ግን ገና ሁለቴ ሲያስቀምጠው ውሃ ትከለክሉታላችሁ። «የጠጣው ሁሉ በታች ይወርዳል» ትላላችሁ። ጡት ታሳንሱበታላችሁ፣ ምግብ ታቋርጡበታላችሁ፣ ከዚያ ማስቀመጡን ቀጥ የሚያደርግ ክኒን ፍለጋ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ትዞራላችሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

መፍትሔው ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ጨውንና ስኳርን አብሮ የሚያስገባ በር አለ። በጨዉ ውስጥ ያለው ሶዲየም ግሉኮስ ከተባለው ስኳር ጋር ተያይዞ ሲገባ ውሃውም ይከተላቸዋል። ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ በኮሌራ ሲረግፉ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ ሲለው ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በበርሜል አዘጋጅቶ ማጠጣቱን ለታማሚዎቹ ዘመዶች አስረከበ። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ። ያጠጡት እናቶችና እህቶች ነበሩ። እናንተስ ምን ጎደላችሁ?

ዛሬ በየጤና ጣቢያውና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ. የምትሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ቀመሩ የተሻሻለው ነው። የ1 ሊትሩ ከረጢት 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል። ከበፊቱ የቀጠነው ሆን ተብሎ ነው፤ የቀጠነው ድብልቅ ማስቀመጡንም ማስመለሱንም ይቀንሳል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተለካው እናንተ በዓይን ግምት እንድታበላሹት አልነበረም። ሙሉውን ከረጢት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የምትበጠብጡ አላችሁ፤ ጨዉ እጥፍ ይሆንና በልጁ ደም ውስጥ ሲከማች ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ያስተዋል። ለቁጠባ ብላችሁ ዱቄቱን በማንኪያ እየቆነጠራችሁ በብርጭቆ የምትበጠብጡም አላችሁ፤ ዱቄቱ እኩል ስለማይደባለቅ አንዱ ብርጭቆ ጨው፣ ሌላው ስኳር ብቻ ይሆናል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ። 1 ሊትር ካለ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ለኩ፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ዕቃ ገልብጡና ከረጢቱን ሙሉ ለሙሉ ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ። ስኳር አትጨምሩ፣ በወተት ወይም በአምቦ ውሃ አትበጥብጡ፣ ከበጠበጣችሁ በኋላ አታፍሉት። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉትና አዲስ ሥሩ። ከረጢት በአካባቢው ፈጽሞ ከጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ልክ የተሞላ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ቅመሱት፤ ከእንባ ይልቅ ጨው ጨው ካለ ደፍታችሁ እንደገና ሥሩ።

መጠኑም ከባድ አይደለም። ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር (አንድ የቡና ሲኒ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ)፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጡ። በጡጦ ሳይሆን በማንኪያና በሲኒ፤ ጡጦ ራሱ የተቅማጥ ምንጭ ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታገሡና በየ2 ወይም 3 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ እያደረጋችሁ ቀጥሉ። አብዛኛው ሰው «አስመለሰው» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁን የሚያጣውም እዚሁ ነው።

ለስላሳ መጠጥ የምታጠጡትንስ ምን እንበላችሁ? በአንድ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 100 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ከኦ.አር.ኤሱ ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። ጨው ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ጋዙን ማውጣትም ስኳሩን አያወጣውም።

አሁን ወደ ትልቁ በሽታችን እንምጣ፤ «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» ወደሚለው። በአፍሪካና በእስያ 7 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ትልቅ ጥናት በሕፃናት ላይ የሚከፋውን ተቅማጥ በብዛት የሚያመጡት ሮታ ቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ አንድ ዓይነት ኢ.ኮላይና ሺጌላ የተባሉ ተሕዋስያን መሆናቸውን አሳየ። አሜባ ከታች ነበር፤ ጃርዲያማ ጤነኞቹ ልጆች ሰገራም ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። በኋላ ደግሞ በ7 አገሮች ከ8 ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት መድኃኒቱ ውሃ መሰል ተቅማጥ የያዛቸውን ልጆች ሞት በማስረጃ በሚታይ መጠን እንዳልቀነሰ ገለጸ። ታዲያ ደም የሌለበት ውሃ መሰል ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒቱን ሜትሮኒዳዞል ያለ ማዘዣ የምትገዙት፣ የምትሸጡትም፣ በምን ማስረጃ ነው? ማስቀመጥ የሚያቆመው ክኒን ሎፔራማይድማ ለሕፃን አይሰጥም፤ አንጀቱን ያስቆመዋል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ የሚወጣው በሽታ ግን ውስጥ ይቀራል። የሮታ ክትባት አገራችን ከገባ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት በነፃ በአፍ ይሰጣል። ሁለተኛውን ያላስከተባችሁ ሰበብ አታብዙ።

ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚሰጠው ዚንክ የተባለው ክኒን ላይ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ ሦስት ቀን ሰጥታችሁ ማስቀመጡ ሲቆም ትተዉታላችሁ። ዚንክ የዛሬውን ተቅማጥ ከማሳጠር ሌላ የተጎዳውን የአንጀት ሽፋን ይጠግናል፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ተመልሶ እንዳይመጣም ይረዳል። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ክኒን፣ ከዚያ በታች ላለ ግማሹ፣ በታለበ የጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ሟሙቶ፣ 10 ቀን ሙሉ ይሰጣል። ብረት ብረት ስለሚል ሊያስመልሰው ይችላል፤ ካስመለሰ መልሳችሁ ስጡት።

ግግ አወጣን፣ እንጥል አስቆረጥን የምትሉ አያቶችና እናቶች፣ በማክበር እንነግራችኋለን፤ ውሃ ያጣን ልጅ ማድማት ሞቱን ማፋጠን ነው። ጥርስ ማውጣትም ቢሆን እንዲህ ያለ ተቅማጥ አያመጣም።

ምግቡን ደግሞ አታቋርጡ። አንጀት የሚያገግመው ሲሠራ ነው፤ የተራበ አንጀት ሽፋኑ እየሳሳ ይሄዳል። ጡት የሚጠባው ከወትሮው አብልጦ ይጥባ። ምግብ የጀመረው ገንፎውን ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ አድርጋችሁበት፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ተቅማጡ ካቆመ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው። ያለዚያ ካንዱ ተቅማጥ ሳያገግም ሌላው ይይዘውና ይቀነጭራል። በዚያ በ2013ቱ ጥናት ከሞቱት ልጆች አብዛኞቹ 2 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ።

ቤት ውስጥ የማይያዘውንም ለዩ። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ፣ ብስጩ ሆኖ ውሃ ሲያይ የሚንሰፈሰፍ ከሆነ ቀኑን አትጠብቁ፤ በጤና ባለሙያ ፊት በ4 ሰዓት ውስጥ በኪሎው 75 ሚሊ ሊትር ኦ.አር.ኤስ. ይጠጣል፤ 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 600 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሚገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ በሰገራው ደም ካያችሁ፣ ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ የተለመደው ኦ.አር.ኤስ. ልኩ ስላልሆነ፣ የሚሰጠው ፈሳሽ ሌላ ነውና፣ ለጤና ባለሙያው ማሳየት ግድ ነው። ሌላው ግን መጠጣት እስከቻለ ድረስ መኪና ስትጠብቁም፣ መንገድ ላይም፣ ተራ ስትጠብቁም ማንኪያው ከአፉ አይራቅ።