ማስተካከያ፦ ጸሎተ ሃይማኖት በኒቅያ ብቻ አልተጠናቀቀም

ስለ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ማለትም ክርስቲያኖች እምነታቸውን ስለሚመሰክሩበት ጸሎት፣ ባወጣነው ጽሑፍ፣ ዛሬ የሚደገመው ቃል በሙሉ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያው የጳጳሳት ጉባኤ እንደተጻፈ ተገልጿል። ይህ መታረም አለበት።

የኒቅያ አባቶች ወልድን ፍጡር ያለውን አርዮስን ሲቃወሙ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» አሉ። ስለ መንፈስ ቅዱስ ግን እንደሚያምኑ ብቻ ተናግረው አለፉ። በኋላ መንፈስ ቅዱስንም ፍጡር የሚሉ ተነሡ። «ጌታ፣ ሕይወት ሰጪ፣ ከአብ የሠረጸ» የሚለው የመጣው ከ381ዱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር ነው። ስለ ጥምቀትና ስለ ሙታን ትንሣኤ የሚናገረውም እንደዚሁ።

ነገሩ የቀን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘመዱን ቀብሮ «የሙታንንም ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን» የሚል ምእመን የሚይዘው ይህንኑ የመጨረሻ ክፍል ነው። የኒቅያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ዐረፍተ ነገር በአፉ ባልነበረ።