ማብራሪያው ቤት ይሂድ፣ ወሬው ክፍል ይምጣ

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል፣ ተማሪዎቹም 40። መምህሩ ትንፍሽ ሳይል ሰዓቱን በሙሉ ቢለቅላቸው እንኳ፣ በተራ ሲናገሩ ለአንዱ የምትደርሰው አንድ ደቂቃ ናት። መምህሩ ደግሞ ዝም አይልም። ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለውን የእንግሊዝኛ የግሥ ጊዜ ሲያስረዳ ሰዓቱ ያልቅና «መልመጃውን ቤት ሠርታችሁ ኑ» ይላል። ልጁ ቤት ገብቶ ከማን ጋር ያውራ? ከደብተሩ ጋር?

ፍሊፕድ ክላስሩም የሚሉት ይህንን መገልበጥ ነው። ማብራሪያው በአጭር ቪዲዮ፣ በድምፅ ወይም በአንድ ገጽ ጽሑፍ ቤት ይሄዳል፣ ልምምዱ ክፍል ይመጣል። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቁት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ አሜሪካውያን የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎቻቸው ብለው ትምህርቱን በቪዲዮ መቅዳት ጀመሩ። ለእኔ ግን ከኬሚስትሪ ይልቅ ለቋንቋ ነው የሚመቸው። ቀመር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልሠራ እችላለሁ። ወሬ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ያው ፕረዘንት ፐርፌክት ሲገለበጥ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ማታ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ አይተዋል። ያልገባቸው ጋ አቁመው ደግመው ሰምተዋል (ክፍል ውስጥ «ይድገሙልኝ» ማለት የሚያፍር ልጅ ስልክ አያፍርም)። ቪዲዮው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢሆንም ችግር የለውም፣ እንግሊዝኛው ጠዋት ይደርሳል። ጠዋት ሁለት ሁለት ሆነው «ሃቭ ዩ ኤቨር» («እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?») እያሉ ይጠያየቃሉ። አንዷ «የስ፣ አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ትላለች። በቃ፣ መምህር የሚፈልገው ስህተት ይሄ ነው። ባዶ ቦታ ሙሉ በሚል መልመጃ ሙሉ ነጥብ ታገኝ ይሆናል፣ «ትናንት» ብሎ ጊዜውን ከጠሩ በኋላ ፕረዘንት ፐርፌክት እንደማይሄድ ገና እንዳልያዘች የታወቀው ግን አፏን ስትከፍት ነው። መምህሩ አጠገቧ ስላለ «ትናንት ካልሽማ?» ይላታል። «አይ ሶው ሂም!» ራሷ አረመችው።

ነገሩ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ግማሹ ክፍል ቪዲዮውን ሳያይ ይመጣል፣ መምህሩ ሆዱ አይችልም፣ ከሀ ጀምሮ ያስረዳል። ይህን ጊዜ ቂል የሚሆነው አይቶ የመጣው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያይም። ስለዚህ እንደገና አታስረዱ! ሲገቡ ሦስት አጭር ጥያቄ ስጧቸው፣ ያላየው ጥግ ይዞ ይመልከት፣ ሲጨርስ ይቀላቀል። ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ለእሱ ቪዲዮውን በሚሞሪ ካርድ መስጠት ወይም ያንኑ በወረቀት አትሞ ማደል የመምህሩ ሥራ ነው። የ40 ደቂቃ ሌክቸር ቀድቶ መላክ ደግሞ መገልበጥ አይባልም፣ ድብርቱን ቤት ድረስ ማድረስ ነው።

ጫጫታ ይኖራል፣ ያውም ብዙ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ይሄ ክፍል መምህር የለውም እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። ሰሌዳው ባዶ ነው፣ መምህሩ ከኋላ ዴስክ ጎንበስ ብሎ የሁለት ልጆች ወሬ እያዳመጠ ነው።