ካርዱ ላይ ያልተጻፈውን ማን አመሳሰለው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የምርምር ሥልጠና በኦንላይን ስከታተል አሠልጣኙ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። "በፕሮፔንሲቲ ስኮር ካመሳሰላችሁ ከካርድ የሰበሰባችሁት መረጃ ከራንደማይዝድ ትራያል አይተናነስም" አሉ። ካርድ ያሉት የሕመምተኛውን የሕክምና መዝገብ ነው፣ ራንደማይዝድ ትራያል ደግሞ መድኃኒቱን ማን እንደሚያገኝ በዕጣ የሚወሰንበትን ጥናት። "ገምጋሚ ከጠየቃችሁ ሰንጠረዡን አሳዩት" ብለውም ጨመሩ፤ ሰንጠረዡ ሁለቱ ወገኖች ምን ያህል እንደተመሳሰሉ የሚያሳየው ነው። የሚሰሟቸው ወጣት ሐኪሞችና የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። አንድም ሰው አልተቃወመም። እኔም እጄን አውጥቼ ተራ ስጠብቅ ሰዓቱ አለቀ። ስለዚህ እዚህ ልናገር። የተባለው ስህተት ነው፣ ሕመምተኛ ላይ የሚደርስ ስህተት።

ፕሮፔንሲቲ ስኮር የሚባለው ዘዴ በአጭሩ ይኸው ነው። ከሕመምተኛው ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳርና ላብራቶሪ ተነስተን መድኃኒቱን የማግኘት ዕድሉን እናሰላለን። ከዚያ መድኃኒቱን ያገኘውን፣ ዕድሉ እኩል ሆኖ ሳያገኝ ከቀረው ጋር እናጣምራለን። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ሮዘንባምና ሩቢን በ1983 ይህንን ሲያቀርቡ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። የመድኃኒቱን ምርጫም ውጤቱንም የሚወስነው ነገር ሁሉ የተለካ ከሆነ ነው የሚሠራው። አሠልጣኙ የዋጧት ይህችን "ከሆነ" ነው።

"ሰንጠረዡን አሳዩት" የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከተመሳሰለ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ እንደ ትንሽ ከሚቆጠረው ከ0.1 በታች ሆኗል፣ እሺ። የማን ልዩነት? ሞዴሉ ውስጥ ያስገባናቸው ነገሮች ልዩነት ነዋ! ሞዴሉ የተሠራው በእነሱ፣ ሚዛኑ የተለካውም በእነሱው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይህ ነው።

እስቲ ወደ ዋርድ እንግባ። የጠዋት ራውንድ ነው። ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሁለቱም 60 ዓመታቸው ነው፣ ሁለቱም የሳንባ ምች፣ ኦክስጅናቸውም ክሬቲኒናቸውም (የኩላሊት ምርመራቸው) አንድ ዓይነት። አንደኛዋ ቀና ብለው ሾርባ እየጠጡ ነው፤ ልጃቸው "ከውጭ ግዙ" የተባለውን ማዘዣ ይዞ ከማለዳ ጀምሮ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ቆይቶ አሁን ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ሌላኛዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ አስታማሚም የላቸውም። ሲኒየሩ ሐኪም ሁለቱንም አየት አደረገና ለመጀመሪያዋ "እንጀምርላቸው"፣ ለሁለተኛዋ "እስቲ ነገ እንያቸው" አለ። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? አንደኛው ላይ "ተጀምሯል"፣ ሌላው ላይ ምንም። ሾርባው የለም። ልጁ የለም። ሐኪሙ በዓይኑ ያየው ነገር የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ መረጃውን ሲሰበስብ ሶፍትዌሩ እኚህን ሁለት እናቶች እንደ መንታ ያጣምራቸዋል። የመጀመሪያዋ ድነው ቤታቸው ገብተዋል፣ ሁለተኛዋ ሞተዋል። ምስጋናው በሙሉ ለመድኃኒቱ!

ሌላ ዋርድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ውድ ወይም አደገኛ ሆኖ የሚሰጠው ተስፋ ለተቆረጠባቸው ብቻ ይሆናል። ያኔ መድኃኒቱ ገዳይ መስሎ ይወጣል። በ1996 አሜሪካ ውስጥ በጽኑ የታመሙ 5,735 ሰዎች ላይ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ጥናት፣ ልብ ድረስ የሚገባውን ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ከሞት ጋር አያይዞት ነበር። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ 1,041 ሕመምተኞች በዕጣ ተመድበው ሲታይ ግን ካቴተሩ አልገደለም፣ አላዳነምም።

ዕጣ ፊት አያይም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሾርባ የሚጠጣውንም የማይጠጣውንም፣ ልጅ ያለውንም የሌለውንም፣ እኛ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ነገር ሁሉ ለሁለቱም ወገን ያከፋፍላል። ይህንን የሚያደርግ ሶፍትዌር የለም፣ አይኖርምም።

ኮቪድን ደግሞ እንዴት ረሳነው? በ2020 ጁላይ ከዴትሮይት የወጣው የሄንሪ ፎርድ ጥናት 2,541 ሕመምተኞችን አይቶ ነበር። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 13.5 በመቶ፣ እሱንም አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክም ካልወሰዱት 26.4 በመቶ ሞቱ አለ። በፕሮፔንሲቲ ስኮርም ተመሳስሎ ውጤቱ ያው ሆነ። መድኃኒቱን የወሰዱት ስቴሮይድም (የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) በብዛት አግኝተዋል። ስቴሮይዱ ስለተመዘገበ ሂሳቡ ውስጥ ገባ፣ ያልተመዘገበውስ? ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት በዕጣ 1,561 ሰው መድኃኒቱን እንዲያገኝ፣ 3,155 ሰው ደግሞ በተለመደው ሕክምና እንዲቀጥል አደረገ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 27 በመቶና 25 በመቶ ሆኑ። የሞት ቅነሳው የት ገባ?

"ለትራያል ገንዘብ የለንም" የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ፣ የለንም። ገንዘብ ማጣታችን ግን ያልተለካውን ነገር አይለካልንም። ዘዴው ይጣል አላልኩም። አልፎ አልፎ የሚከሰት የጎንዮሽ ጉዳት ለመፈለግ፣ ትራያል ማካሄድ ለማይቻልበት ጥያቄ ይጠቅማል። እኩል ነው ግን አትበሉን።

እኔ ቲሲስ ባማክር ተማሪዬን ካርድ ክፍል ከመግባቱ በፊት ዋርድ ነው የምልከው። ነርሶቹን "ይህንን መድኃኒት ለማን ትሰጣላችሁ? ለማንስ ትተዋላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። ከመልሳቸው ካርዱ ላይ የማይገኘውን ነገር ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መግቢያው ላይ ባለው ማጠቃለያ፣ አብስትራክቱ ላይ ይጻፈው። ያ የተደበቀ ነገር ምን ያህል ቢከብድ ውጤቱን እንደሚገለብጠውም አስልቶ ያሳይ፤ ማስሊያውን ራሱ ሮዘንባም ሠርቶ አስቀምጦታል። በሥልጠናው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነሳም። የሶፍትዌሩን ትእዛዝ ግን ሁለት ጊዜ አሳዩን።