የኛ ቅናሽ ጥር ላይ ነው
«የብዙ ቤተሰብ አስቤዛ የሚቀንሰው ኩፖንና የሱፐርማርኬት ቅናሽ በመከታተል ነው» የሚለው ውጭ አገር ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ደሴ ግን ኩፖን የሚሰጠን የለም። የኛ ቅናሽ ወቅቱ ነው። ቤቴ ውስጥ ዘጠኝ ነፍስ አለ። ጤፍ የምገዛው ታኅሣሥና ጥር፣ አዲሱ እህል ከአውድማ ሲገባ ነው። ክረምት ላይ በኪሎ እየለቀሙ መግዛት ቤት ያራቁታል። «በኩንታል መግዛት ለሀብታም ነው» የምትል እህት ካለች፣ እውነቷን ነው፣ ለብቻ ይከብዳል። እኛ አራት ጎረቤታሞች ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ እናዋጣለን። ከዚያ ሰኞ ገበያ አብረን ወርደን 4 ኩንታል እናነሳለን። ብዙ ስንገዛ ነጋዴውም ይቀንስልናል፣ የጋሪውንም ሂሳብ እንካፈላለን። ግን አደራ፣ የጆንያውን አፍ ብቻ አይታችሁ እንዳትከፍሉ! አንድ ዓመት ከላይ ማኛ የመሰለ ነጭ፣ ከሥር አሸዋ የበዛበት ሰርገኛ ጭነን ገብተን አልቅሰናል። አሁን እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከመሃል እዘግናለሁ። መዳፌ ላይ አሸት አድርጌ እፍ እላለሁ። አቧራው ካልቀነሰ ትቼው እሄዳለሁ፣ ነጋዴው ቢቆጣም ይቆጣ። ደግሞ ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመቱን ይዘልቃል። ባቄላና አተር ግን ቶሎ ይነቅዛሉ፣ ስለዚህ የሽሮ እህል ከሁለት ወር በላይ አልይዝም። ሽንኩርትና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ ነው፣ እሱም ወደ ማታ፣ ሻጩ መልሶ ላለመጫን ዋጋ ሲጥል። ልጆቼ ጠግበው የሚያድሩት በዚህ ነው።